ከበረት ወደ ቤት

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልጉት ምግብ፣ ልብስና ቤት መሆናቸውን ማንም ያውቃል። ከሦስቱ መካከል ምግብ ሲበላ ያልቃል፤ ልብስም ሲለበስ ያረጃል። ቤት ግን ከሠሪው ዕድሜ አልፎ ለልጅና ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ስለዚህ አንድ ሕዝብ እንዴት እንደ ኖረ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የተጻፈውን ከማንበቡ በፊት ቤቱን ቢመረምር ብዙ ነገር ይማራል። ምሰሶው ከምን እንጨት እንደ ተቈረጠ፣ ከብቱ የት እንደሚያድር፣ እህሉ የት እንደሚቀመጥ፣ እሳቱ የት እንደሚነድ፣ ይህ ሁሉ የባለቤቱን ሀብት ብቻ ሳይሆን ተስፋውንና ሥጋቱንም ይናገራል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በአሰላና በአካባቢዋ ባለው በአርሲ ደጋ የእርሻ ቤቶች፣ ማለት በረቱ፣ ጎተራውና መጋዘኑ፣ እንዴት የሰው መኖሪያ እንደሚሆኑ፣ መኖሪያውም እንዴት ተመልሶ የከብት ቤት እንደሚሆን ነው። ነገሩ የአናጢና የጭቃ ሠራተኛ ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ አገር ባለፉት መቶ ዓመታት ውስጥ አንዱ ቤት ወደ ሌላው የተለወጠው አንዳንድ ጊዜ በባለቤቱ ፈቃድ፣ አንዳንድ ጊዜም በሌላ ሰው ትእዛዝ ነበር። እንጨቱና ጭቃው አንድ ሆኖ ሳለ የሁለቱ መጨረሻ አንድ አልሆነም። ጣሪያና ግድግዳ ብቻቸውን ቤት እንዳይደሉ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም።

በአማርኛ ቤት ለሠራ ሰው «ቤት ለእምቦሳ» ሲሉት «እምቦሳ እሰሩ» ብሎ ይመልሳል። እምቦሳ ማለት ገና የተወለደ ጥጃ ነው። ይህን ቃል ዛሬ በከተማ በሲሚንቶ ፎቅ ውስጥ ሆነን ስንለዋወጠው ትርጉሙን ብዙም አናስብም። የጥንት ሰዎች ግን የተናገሩት በምሳሌ ሳይሆን በእውነት ነው። ቤታቸው ልጅና ጥጃ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩበት ቤት ነበርና፣ ጥጃ ያልታሰረበት ቤት ወተት የሌለበት ቤት ነው፤ ወተት የሌለበት ቤትም ልጅ አያሳድግም።

በአርሲ ደጋ ይህ ልማድ የጸና ምክንያት ነበረው። አሰላ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር በሚሆን ከፍታ ላይ፣ በጭላሎ ተራራ እግር ሥር ትገኛለች። ጭላሎና ካካ ሁለቱም ከ4000 ሜትር በላይ የሚወጡ ተራሮች ናቸው። ከእነርሱ በሚወርደው ነፋስ ምክንያት በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ገብስ እንኳ አንዳንድ ጊዜ በአንድ ሌሊት ይነጣል። የአርሲ ኦሮሞ ከጥንት ጀምሮ ሀብቱ ከብት ስለ ነበረ፣ ክብ ሆኖ በሣር በተከደነው ቤቱ አንዱን ወገን ለሰው፣ አንዱን ወገን ለጥጆችና ለሚታለቡት ላሞች ከፍሎ ይኖር ነበር። የከብቱ ትንፋሽ ቤቱን ያሞቃል፤ ጅብና ሌባም በሌሊት መጥተው ከብቱን ለመውሰድ አይችሉም።

ይህን አኗኗር የድንቁርና ምልክት አድርገው የሚቈጥሩት ሰዎች አሉ። ነገር ግን በላስታ በላሊበላ ከተማ ከድንጋይ የተሠሩት ባለ ሁለት ደርብ ክብ ቤቶች ታችኛው ክፍል ለከብት፣ ላይኛው ለሰው ነበር። በሰሜን ጀርመንና በብሪታንያ ደሴቶችም ገበሬው ለብዙ መቶ ዓመታት በአንድ ረጅም ጣሪያ ሥር ከላሞቹ ጋራ አድሯል። ብርድ ያለበት አገር ሕዝብ ሁሉ በየራሱ ጊዜ ያንኑ መፍትሔ አግኝቶ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ የአርሲ ገበሬ በረቱንና ቤቱን አንድ ያደረገው ማሰብ ስላቃተው ሳይሆን ስላሰበ ነው።

ይሁን እንጂ ጉዳቱ ደግሞ የታወቀ ነው። መስኮት በሌለው ቤት ውስጥ የሚነደው የእንጨትና የኩበት ጭስ የእናቶችን ዓይን ያጠፋል፤ የሕፃናትንም ሳንባ ያሳምማል። የከብቱ ሽንት መሬቱን እያራሰ ቁንጫና ዝንብ ያራባል፤ ዝንቡም የዓይን ማዝ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ያመላልሳል። የታመመች ላም በትንፋሽዋና በወተትዋ የሳንባ ነቀርሳ ለቤተ ሰቡ ልታስተላልፍ ትችላለች። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን ልጆች ስለ ጤና ከተማርነው ትምህርት አንደኛው ከብቱን ከቤት ማውጣት ነበር። ትምህርቱ እውነት ነው። ነገር ግን ከብቱን ለማውጣት ሁለተኛ ቤት መሥራት ያስፈልጋል፤ ሁለተኛ ቤት ለመሥራት ደግሞ ቤቱ የሚቆምበት መሬት የእኔ ነው ብሎ መተማመን ያስፈልጋል። የአርሲ ገበሬ ለረጅም ዘመን ያጣው ይህን ነው።

አርሲ በአፄ ምኒልክ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ1882 እስከ 1886 በተደረገው ብርቱ ጦርነት በሸዋ መንግሥት ሥር ከገባ በኋላ፣ ብዙው መሬት ለመኳንንቱ፣ ለወታደሩና ለመንግሥት አገልጋዮች ተሰጠ። በአባቱ መሬት ላይ የነበረው ሰው ቀስ በቀስ ጭሰኛ ሆነ። ጭሰኛ ካመረተው ላይ ለባለመሬቱ ከመክፈሉም በላይ ነገ ከዚህ ቦታ ተነሣ ቢባል መነሣቱን ያውቃል። እንዲህ ያለ ሰው ልጁ የሚወርሰውን የጥድ ምሰሶ ለምን ያቆማል? ዘጠኝና ዐሥር ዓመት ጠብቆ የሚደርሰውን ባሕር ዛፍስ ለምን ይተክላል? ቤቱን የሚሠራው ዝናቡን እንዲያሳልፍለት ብቻ ነው። መንገደኛ ጎጆውን አይቶ ገበሬውን ሰነፍ ይለዋል፤ ነገር ግን ጎጆውን ያሳጠረው ስንፍና ሳይሆን ሥጋት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1967 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው በአሰላ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትን አቋቋሙ። ሕዝቡ በአጭሩ «ካዱ» እያለ የሚጠራው ይህ ድርጅት በቁሉምሳ የስንዴ ዘር ያበጥር፣ ማዳበሪያ በብድር ይሰጥ፣ ከአገር ላምና ከውጭ ኮርማ የተዳቀሉ ክልስ ጊደሮችንም ለገበሬው ያከፋፍል ነበር። ክልሷ ላም ለበረት ታሪክ ትልቅ ነገር አመጣች። የአገር ላም በጥቂት ሣር የምትጠግብና ብርዱንም የምትችል ናት፤ ክልሷ ግን ደረቅ መኝታ፣ ንጹሕ አየርና በየቀኑ የሚቀርብ መኖ ትፈልጋለች። በቤት ውስጥ በጭስ መካከል ታስራ ወተቷን አትሰጥም። ስለዚህ ክልስ ላም ያገኘ ገበሬ የግድ ከቤቱ የተለየ በረት ሠራ፤ የላሞቹ ወገን የነበረው የቤቱ ክፍልም ባዶ ቀረ። ያ ባዶ ክፍል ተጠርጎና ተለቅልቆ የልጆች መኝታ ሆነ። ስለ ጤና የተሰጠው ምክር ብቻውን ያላደረገውን የወተት ዋጋ አደረገው።

ነገር ግን በዚያው ጊዜ ሌላ ነገር ተከተለ። የስንዴ ምርት መጨመሩን ያዩት ባለመሬቶች ትራክተር እያስመጡ መሬታቸውን ራሳቸው ማሳረስ ጀመሩ። ትራክተር ከመጣ ጭሰኛ አያስፈልግም። ከ1960 ዓ.ም. ወዲህ በጭላሎ አውራጃ ብዙ ቤተ ሰብ ከኖረበት ቦታ ተነሣ። ጎጆው በነበረበት ቦታ ላይ ስንዴ ተዘራ፤ ለትራክተሩና ለእህሉ ግን በቆርቆሮ የተከደነ ሰፊ ቤት ተሠራለት። ጎተራውን አፍርሶ የበለጠ ጎተራ ለመሥራት ያሰበው ባለጸጋ በወንጌል የተነገረበትን ፍርድ የምናውቅ ሁሉ፣ ብረት በጣሪያ ሥር ሲያድር ሰው በሜዳ ማደሩን ስንሰማ ያ ፍርድ ትዝ ሊለን ይገባል። መጋዘን መሥራት ኃጢአት አይደለም፤ መጋዘኑ የሰውን ቤት ካፈረሰ ግን በእህሉ ላይ በረከት አይገኝም።

በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ወጣ። ጭሰኝነት ቀረ፤ ለአንድ ቤተ ሰብ ከ10 ሔክታር የማይበልጥ መሬት ተፈቀደ፤ በ800 ሔክታር አካባቢም የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ተደረገ። ከትልልቆቹ እርሻዎች አንዳንዶቹ የመንግሥት እርሻ ሲሆኑ፣ በየቦታው የነበሩት የባለመሬቶች ቤቶችና መጋዘኖች ለገበሬ ማኅበራት ደረሱ። በብዙ ስፍራ የስንዴ መጋዘኑ የማኅበር ጽሕፈት ቤት፣ የትራክተሩ መጠለያ የመሠረተ ትምህርት መማሪያ፣ የእንግዳ መቀበያውም የፍርድ ሸንጎ ሆነ። ትናንት እህሉን ተሸክሞ ከደጅ የሚመለሰው ሰው ዛሬ በዚያው ቤት ገብቶ ፊደል ቈጠረ። ይህ ከእርሻ ቤት ለውጦች ሁሉ የሚያስደስት ነበር፤ ያየው ሰውም አይረሳውም።

ሆኖም ከዚህ ደግሞ አንድ ትምህርት እናገኛለን። እነዚህ ቤቶች የሁሉ ሲሆኑ የማንም ሆኑ። ቆርቆሮው ሲቀደድ ማኅበሩ ይጠግነዋል ተብሎ ታለፈ፤ የበሩ ማጠፊያ ሲወልቅ የሚመልሰው አልተገኘም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ንብረት በብዙ ቦታ ተዘረፈ፤ መጋዘኖቹም በር፣ መስኮትና ቆርቆሮ በየፊናቸው ሄደው ግድግዳቸው ብቻ ቀረ። የወሰዱት ሰዎች ሌሎች አልነበሩም፤ የማኅበሩ አባላት ራሳቸው ነበሩ። ቤቱ የእኔ ነው ብሎ ያደረበት ሰው ስላልነበረ፣ ሲፈርስም የእኔ ቤት ፈረሰ ብሎ ያለቀሰ አልተገኘም።

ከዚህ መካከል ደግሞ በአርሲ የቤት ታሪክ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ሆነ። በ1977 ዓ.ም. በሐረርጌ የተጀመረው የመንደር ምሥረታ በ1978 ዓ.ም. በአርሲ በሰፊው ታወጀ። አሳቡ ተበታትኖ የሚኖረውን ገበሬ በአንድ ቦታ ሰብስቦ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ የውኃ ቧንቧና ወፍጮ በቅርብ እንዲያገኝ ማድረግ ነው ይባል ነበር። ለእያንዳንዱ አባወራ 1000 ካሬ ሜትር ቦታ በገመድ ተለክቶ ተሰጠ፤ ቤቶቹም እንደ ወታደር ሰልፍ በመሥመር እንዲቆሙ ታዘዘ። በመላው ኢትዮጵያ እስከ 1980 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ 12 ሚሊዮን የሚገመት የገጠር ሕዝብ በዚህ ዓይነት መንደር ገብቶ ነበር።

ያን ጊዜ እኔ በገጠር ወጣት አስተማሪ ነበርሁ። እህሉ ከተሰበሰበ በኋላ ባለው በጋ፣ ሰዎች ምሰሶውን እየነቀሉ፣ ማገሩን እያሰሩ፣ የቤቱንም ክዳን እንዳለ አንሥተው ሃያና ሠላሳ ሆነው በትከሻቸው ሲሸከሙት አይቻለሁ። ከሩቅ ሲታይ ቤቱ ራሱ በእግሩ የሚሄድ ይመስላል። ተማሪዎቼ ሣርና ልጥ ተሸክመው ከወላጆቻቸው በኋላ ይሄዱ ስለ ነበር ክፍሉ ባዶ ሆነ። አርሲ በደቦ ቤት መሥራትን ከጥንት ያውቃል፤ ደቦ ግን ባለቤቱ ጠላውን ጠምቆ፣ ገንፎውን አገንፍቶ ጎረቤቱን የሚጠራበት ነው። በዚያ በጋ ግን ጠሪው ባለቤቱ አልነበረም፤ ዘፈንም አልሰማሁም።

በአዲሱ መንደር ቤቱ ከማሳው ራቀ። ገበሬው ለማረስ ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ዝንጀሮና አሳማ ሰብሉን ሲበላ የሚያይ የለም። ፍጉ በቀድሞው ጓሮ ላይ መውደቁ ቀርቶ በመንደሩ መንገድ ላይ ይወድቃል። በ1000 ካሬ ሜትር ውስጥ ቤት፣ ማድቤት፣ በረትና ጎተራ ማግባት ስላልተቻለ ብዙው ሰው ከብቱን በውጭ አሳደረ፤ ወይም ያወጣውን ከብት እንደ ጥንቱ መልሶ ወደ ቤት አገባው። ጤናን ለማሻሻል የተሠራ መንደር በጤና ረገድ ሰውን ወደ ኋላ መለሰው ማለት ነው።

በየካቲት ወር 1982 ዓ.ም. መንግሥቱ የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ ሲያውጅና የገበሬውን ነጻነት ሲያሰፋ፣ በአርሲ ብዙው ሕዝብ ሳይውል ሳያድር ያንኑ ምሰሶ እንደገና ነቅሎ ወደ ቀድሞ ስፍራው ተመለሰ። በመንገድ ዳር የነበሩት አንዳንድ መንደሮች ትንንሽ ከተማ ሆነው ሲቀሩ፣ ሌሎቹ ስንዴ ማሳ ሆኑ። አሁን ልብ እንበል። ምሰሶው ያው ነው፤ ማገሩ ያው ነው፤ ሸካሚውም ያው ነው። በ1978 ዓ.ም. ሲሄድ ያለቀሰው ሰው በ1982 ዓ.ም. በዚያው ሸክም ሲመለስ እልል አለ። በሁለቱ መካከል የተለወጠው እንጨቱ ሳይሆን ፈቃዱ ነው። «ቀዬ» የሚለው ቃል በአማርኛም በኦሮምኛም አንድ ዓይነት ድምፅ ይዞ የሰውን የቤቱን ስፍራ ማመልከቱ በከንቱ አይደለም። በሁለቱም ቋንቋ የሚናገር ሰው ቀዬውን ሲለቅ የሚሰማው ነገር አንድ ነው።

ወደ ዛሬው ዘመን ስንመጣ ለውጡ መልኩን ቀይሯል። አርሲ በስንዴው የታወቀ አገር ስለ ሆነ፣ ጥሩ ምርት ያገኘ ገበሬ አራት ማዕዘን የቆርቆሮ ቤት ይሠራል፤ የኖረበት የሣር ቤትም ማድቤት ወይም በረት ይሆናል። ይህ መልካም ነው። በሌላ ወገን ግን መሬት ጠቧል። ሦስትና አራት ወንዶች ልጆች ያሉት አባት ለሁሉ የሚያካፍለው ማሳ የለውም፤ ልጁ ሲያገባ የሚሰጠው በረቱን ወይም የማያገለግለውን የእህል ቤት ነው። በከተማ ዳር የሚኖረውም ሰው አሮጌ መጋዘን ተከራይቶ ወይም ገዝቶ ቤተ ሰቡን ያስገባል። ይህ በእኛ አገር ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ብዙ አሮጌ የእህል ቤቶች መኖሪያ እየሆኑ ስለ ሄዱ፣ መንግሥቱ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ አሠራሩን የሚያቀልል ደንብ አውጥቷል። በዚያ አገር ግን ባለጸጋው ለውበቱ ሲያደርገው፣ በእኛ ዘንድ ድኃው በችግሩ ያደርገዋል። ስለዚህ በችግር የሚደረገው ሥራ በጥንቃቄ እንዲደረግ ጥቂት ምክር መስጠት ተገቢ ይመስለኛል።

አንደኛ፣ መሬቱን መመርመር ያስፈልጋል። ከብት ለብዙ ዓመት ያደረበት መሬት ሽንቱን እስከ ውስጥ ጠጥቷል። ላዩን ጠርጎ በእበት መለቅለቅ ብቻውን አይበቃም፤ ክረምት ሲገባ እርጥበቱና ሽታው ይመለሳል። አፈሩን ቢያንስ አንድ ክንድ ያህል ቆፍሮ ማውጣት፣ ጉድጓዱን ጣሪያው እንደ ተገለጠ ለጥቂት ሳምንት ፀሐይ እንዲመታው መተው፣ ከዚያም በድንጋይና በጠጠር ሞልቶ በላዩ ደረቅ ቀይ አፈር መደልደል ይገባል። የወጣው አፈር ግን አይጣል፤ ለጓሮ ጎመንና ለድንች ከእርሱ የሚበልጥ ማዳበሪያ የለም። በረት ዘወትር የሚሠራው ሽንቱ እንዲወርድ በተዳፋት ላይ ስለ ሆነ፣ ከቤቱ በላይ በኩል ጎርፉን የሚመልስ ቦይ መቅደድ አይረሳ።

ሁለተኛ፣ ምሰሶው ይመርመር። እንጨት የሚበሰብሰው ከላይ ሳይሆን አፈርና አየር በሚገናኙበት በእግሩ ነው። የእያንዳንዱን ቋሚ እግር በመጥረቢያ ጀርባ መትቶ ድምፁን መስማት ነው፤ ጠንካራው ይጮኻል፤ የበሰበሰው ዝም ይላል። የድሮ ሰዎች ያቆሙት የጥድና የወይራ ቋሚ ከተገኘ እንደ ወርቅ ሊጠበቅ ይገባል፤ ዛሬ እንደ እርሱ ያለውን ከጫካ ቈርጦ ማምጣት አይቻልምና፣ ቢቻልም አይገባምና። የባሕር ዛፉ ቋሚ ግን ብዙ ጊዜ ስለማይቆይ በአዲስ ይተካ።

ሦስተኛ፣ ብርሃንና አየር ይግባበት። በረት መስኮት የለውም፤ ጎተራም ነቀዝና አይጥ እንዳይገባ የተደፈነ ነው። እህልን የሚጠብቀው ጨለማ ሰውን ያሳምማል። መስኮት ከነፋሱ ወገን ሳይሆን ከፀሐይ መውጫ ወገን ይከፈት፤ እሳቱም ከመኝታ ክፍል ወጥቶ በማድቤት ይንደድ። ቆርቆሮ በሌሊት ብርድ፣ በዝናብ ጊዜም ጩኸት ስላለው፣ አቅም የሌለው ሰው እንኳ ከማዳበሪያ ጆንያ ኮርኒስ ቢሰፋለት ልጆቹ በደኅና ያድራሉ፤ ይህም ጆንያው በደንብ ታጥቦ ሲሆን ነው።

አራተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ በዚያ ቤት ቀድሞ ምን እንደ ተቀመጠ ሳይጠይቁ መግባት አይገባም። በመንግሥት እርሻዎችና በኅብረት ሥራ ማኅበራት ዘመን በየመጋዘኑ የተባይ መድኃኒት ይከማች ነበር። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት በኢትዮጵያ ከመብዛቱ የተነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ከ1000 ቶን የሚበልጠው ተለቅሞ በመርከብ እስከ ፊንላንድ ተወስዶ እንዲቃጠል ሆኗል። መርዙ ቢወሰድም የፈሰሰበት ወለልና የነካው ግድግዳ ለብዙ ጊዜ ይዞት ይቆያል። እንዲህ ያለ ቤት ምንም ያህል ሰፊና ርካሽ ቢሆን ሕፃን አይሳብበት፤ እህልም አይቀመጥበት። የጤና ባለሙያና የግብርና ባለሙያ ሳይጠየቁ እንዲህ ባለ ቤት መግባት ርካሽ ቤት ገዝቶ ልጅን መሸጥ ነው።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ የሚቀረው የሰዎቹ ነገር ነው። በአርሲ ኦሮሞ ልማድ ሚስት «ሃዸ መና» ትባላለች፤ ትርጓሜውም የቤት እናት ማለት ነው። አማርኛችን የቤተ ሰብ አለቃን «አባወራ» ሲለው «ወራ» የሚለውን ቃል፣ ማለት ቤተ ሰብን፣ ከኦሮምኛ ተጋርቷል። ሴት ልጅ ስታገባ ከእናቷ ሲንቄ የሚባለውን በትር ትቀበላለች፤ በቤቷ በደል ቢደርስባት ያንን ይዛ ስትወጣ የአገሩ ሴቶች ሁሉ ይከተሏታል፤ በዳዩም ሳይክስ አይገቡም። በዚህ ልማድ ውስጥ ጥልቅ ትምህርት አለ። የቤቱን ቋሚ የሚያቆም ወንዱ ቢሆንም ቤቱን የምታውቀው ሴቲቱ ናት። እሳቱ የት እንደሚነድ፣ ውኃው የት እንደሚቀመጥ፣ ሕፃኑ የት እንደሚተኛ እርሷን ሳይጠይቅ በረቱን የለወጠ ሰው በጥቂቱም ቢሆን ያንን በገመድ የሚለካውን ሹም መሰለ። በኦሮሚያ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር የባልና የሚስትን ስም አንድነት እንዲይዝ መደረጉ ከብዙ ስብከት ይልቅ ለቤት ጠቅሟል፤ ሁለቱም የእኛ ነው የሚሉት ቦታ ሆኗልና።

ለልጁ በረቱን የሚሰጥ አባትም እንዲሁ ያስብ። የሚሰጠው ጣሪያ ብቻ ከሆነ፣ ልጁም በየዓመቱ ምናልባት ነገ ያስወጡኝ ይሆን እያለ የሚኖር ከሆነ፣ በአባቱ ቤት ጭሰኛ ሆነ ማለት ነው። ምሰሶውን አያድስም፤ ዛፍም አይተክልም፤ አባቱም ልጄ ሰነፍ ሆነ ብሎ ያማዋል። ስለዚህ አባት ድርሻውን በሽማግሌ ፊት፣ በሕግ በሚጸና ወረቀትም ለይቶ ይስጠው። ልጁ ደግሞ የተሰጠው በረት ነው ብሎ አይናቅ። የዓለም መድኃኒት ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በቤተ ልሔም ማደሪያ ባጣ ጊዜ የተኛው በግርግም ነው። ያ በረት በዚያ ሌሊት የተከበረው ግድግዳው ታድሶ ሳይሆን የገባበትን እንግዳ እናቱ በፍቅር ስለ ተቀበለችው ነው።

እንግዲህ በአርሲ ደጋ የሆነውን ሁሉ ስናስተውል፣ በጭሰኝነት ዘመን መተማመን ስለ ጠፋ ቤቱ ጎጆ ሆኖ ቀረ፤ በማኅበር ዘመን ኀላፊነት ስለ ጠፋ መልካሙ መጋዘን ፈረሰ፤ በመንደር ዘመን ፈቃድ ስለ ጠፋ ደኅናው ቤት ሸክም ሆነ። ቤት ሦስቱን ይፈልጋል፤ በመብት መያዝን፣ ተግቶ መጠበቅን፣ ወዶ መግባትን። እነዚህ ከተገኙ ከብት ያደረበት ቤት ተጠርጎ ትውልድ ያድግበታል። እነዚህ ከጠፉ ግን የድንጋይ ግንብ እንኳ ቢሆን ሰው አድሮ የሚያልፍበት ማደሪያ ከመሆን አይዘልም። አሮጌ በረት ያለው ሰው ከማፍረሱ በፊት ቋሚውን መትቶ ይስማ፤ ከዚያም ሚስቱንና ልጆቹን ጠርቶ አብረው ይማከሩ።